የቦዩ ወዲያኛው ጫፍ

ጋሼ ቧንቧ ያን ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ወጥ ቤት ገብቶ በርጩማ ላይ የተቀመጠው፣ ሻምበል ከመኝታው እንዴት እንደሚነሳ ለማየት ነው። ውሻ ሲነሳ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለው የሚል ሰው ካለ፣ ጋሼ ቧንቧን አያውቀውም ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ወለል ላይ እየለጠፈ፣ ውሃ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚሾልክ ሲያስስ የኖረ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱ ጡረታ ወጣ እንጂ አመሉ አልወጣም። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባው እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ሚስቱ ይህን ጠባዩን «የሕፃን በሽታ» ትለዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በየማለዳው «ዛሬስ ምን አገኘህ?» ሳትለው አትውልም።

ሻምበል የሚተኛው ከሲንኩ ሥር፣ የሙቅ ውሃው ቱቦ የሚያልፍበት ጥግ ላይ ነው። ቡናማ ውሻ ነው፤ ፊቱ ብቻ ዱቄት ውስጥ አስገብቶ ያወጣው ይመስል ነጥቷል። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ዘረጋ። ከዚያ ቆም አለና ግድግዳውን አየ። የኋላ እግሮቹን ሞከራቸው፤ እምቢ አሉት። ደገመ፤ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ ዳሌውን ወደ ግራ ጣል አድርጎ፣ አጠገቡ ያለውን ቁምሳጥን ተደግፎ ተነሳና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጭራውን ቆላ። ጋሼ ቧንቧ ደስ አለው። የውሻውን ድካም ሳያይ ቀርቶ አይደለም፤ ዘዴ መፍጠሩ ነው ያስደሰተው።

ሚስቱ ሹራቧን ደርባ ገባች። ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ ሜዳ ላይ ከወደቃችሁ ማን ማንን ተሸክሞ እንደሚመለስ ከአሁኑ ተነጋገሩ አለች። ውሻው የሚችለውን ያህል አገልግሏል፤ አሁን ቢተኛ ምን አለበት? ጋሼ ቧንቧ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እሷም ነገሩን ስለምታውቀው አላጠበቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአደን የሚወጡት በሚስቱ ወንድም ፒክአፕ ነው። የሚስቱ ወንድም ሥጋ ሻጭ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ መልካም፣ ቀልዱ ግን ሰው አይምርም። ከፒክአፑ ፊት የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የወንበሩም ደንብ አንድ ነው፤ ወይ ጠመንጃ ወይ ውሻ ይዘህ ና። ባዶ እጁን ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ቦታ የለውም። ጋሼ ቧንቧ የእጁ መንቀጥቀጥ ሲብስበት ጠመንጃውን ትቶ፣ ወንበሩን በሻምበል ስም ይዞ ቆየ። ባለፈው የአደን ወቅት ግን የሻምበል ዳሌ ታመመና ሁለቱም ቤት ቀሩ። ያ ወቅት እንዴት እንዳለፈ ሚስቱን ጠይቁ። የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ አንድ ባንድ ፈታቸው፤ ሲጨርስ የጎረቤት ጀመረ። ሲመሽ ደግሞ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ምንም ነገር ሳይጠይቅ ያመሽ ጀመር፤ እሷን ያስፈራት ይኼኛው ነው።

አሁን ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ጠመንጃ ገዝቶ ወንበር እየጠበቀ ነው። ሥጋ ሻጩ ዘመድም ቢሆን ለደንቡ ሟች ነው። ሻምበል አንድ ቀን ይሞከር አለ። እስከ ምሳ ድረስ አንዲት ቆቅ ካስገኘ ወንበሩ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ ካላስገኘ ግን ጋሼ አይቀየመኝም አለ። ጋሼ ቧንቧም አልቀየምም ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ውሸቱን ነው። ከዚያች ወንበር ከወረደ የቀረው የመስኮቱ ሥር መሆኑን ስለሚያውቅ ፈርቷል።

መንገድ ላይ ሥጋ ሻጩ ሲቀልድ ሄደ። ይህን ሁሉ ዓመት አገልግሎ ሻለቃ እንኳ ሳይሆን ቀረ ወይ ብሎ ስለ ሻምበል ማዕረግ ጠየቀ። መሐል የተቀመጠው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው፤ ዶክተር ባይሆንም ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ማስተባበል ከተወ ቆይቷል። ለሻምበል ዳሌ የሚሆን ቅባት ይዞ መጥቶ ነበርና እንዴት እንደሚታሽ ለጋሼ ቧንቧ አስረዳው። ከኋላ ጭነቱ ላይ የሥጋ ሻጩ አዲሷ ውሻ ሮኬት፣ መኪናው በዞረ ቁጥር ከወዲያ ወዲህ እየዘለለች ትጮኻለች። ሻምበል ጥጉን ይዞ ተኝቷል። ጋሼ ቧንቧ በኋላው መስኮት እየዞረ ያየው ነበር። ይኼ ውሻ የት እንደሚሄድ አውቋል? ካወቀስ ደስ ብሎታል ወይስ ጨንቆታል? አፍንጫው ስትንቀሳቀስ ያያል፤ ከዚያ ያለፈ ግን የሚነበብ ነገር አላገኘም።

ቦታው አዝመራው የተነሳለት ሰፊ ማሳ ነው። ዳርና ዳሩን ቁጥቋጦ ይዞታል፤ መሐሉን ደግሞ ድሮ ውሃ ይሄድበት የነበረ፣ አሁን ደርቆ ሣር የዋጠው ረጅም ቦይ ይሰነጥቀዋል። ሮኬት ከመኪናው እንደወረደች ነፋስ ሆነች። ሜዳውን ላይ ታች አለችበት፤ ከገለባው ውስጥ ያገኘቻትን ቆቅ በደረቷ ገፍታ አስነሳቻትና ሥጋ ሻጩ ጣላት። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጨመረች። 

የሻምበል አሠራር ሌላ ነው። ቆቅ ሲሸተው አይጮህም፣ አይሮጥምም። አንድ እግሩን አንስቶ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ያኔ ባለ ጠመንጃው ከኋላው ተጠግቶ ይቆማል፤ ወፎቹ የሚደበቁበት ሲያጡ ይነሳሉ። እነዚህን ሰዎች አባቶቻቸው እየተቆጡ ያስተማሯቸው አንድ ሕግ አለ፤ ከቆመ ውሻ አፍንጫ ፊት አይታለፍም። ካለፍክ ሽታውን ትረብሻለህ፣ ውሻውን ታበላሻለህ፣ ተኳሽ ካለም ነፍስህን ታጣለህ። ጋሼ ቧንቧ ይህን ሕግ አንድም ቀን አፍርሶ አያውቅም።

ሻምበል እያነከሰ ወደ ቦዩ ሄደ። ዳሩን ይዞ ጥቂት እንደተራመደ ቆመ። የፊት እግሩ ከመሬት ተነሳች፣ ጭራው ቀጥ አለች፤ የድሮው ሻምበል ሆነ። የጋሼ ቧንቧ ልብ ዘለለች። ለሁለቱ ባለ ጠመንጃዎች ምልክት ሰጣቸው፤ እነሱም እግራቸውን እያለዘቡ መጥተው ከውሻው ኋላ ቆሙ። ጠበቁ። ነፋስ ሣሩን አንቀሳቀሰው። ምንም አልተነሳም። ሥጋ ሻጩ በስተመጨረሻ ድንጋይ ወርውሮ ሣሩን መታው። ከድንጋዩ ድምፅ በቀር የመጣ ነገር የለም።

ትንሽ ራቅ ብሎ እዚያው ቦይ ዳር ሻምበል እንደገና ቆመ። በዚህኛው ጊዜ ግን ጋሼ ቧንቧ አንድ እንግዳ ነገር አየ። ውሻው አፍንጫውን ሽታው ላይ አልተከለም። አንገቱን አዙሮ ወደ ጌታው ያያል፤ ከዚያ ቦዩን ቁልቁል ያያል፤ ተመልሶ ወደ ጌታው። የቆመ ውሻ አንገቱን አያዞርም። ምን ፈልጎ ነው? ደክሞት ነው? ተኳሾቹ መጡ፣ ቆሙ፣ ጠበቁ። አሁንም ባዶ።

ዶክተሩ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መልሶ፣ ዕድሜ ሲገፋ አፍንጫም እንደ ዓይን እንደሚደክም በለሆሳስ አስረዳው። ውሻው የሚያታልል እንዳይመስለው፤ የድሮ ሽታ ትዝ እያለው ነው የሚቆመው አለ። ደግ ሰው ስለሆነ ነው እንዲህ ያለው። ጋሼ ቧንቧን ግን ያ ደግነት አንጀቱን ቆረጠው። ሥጋ ሻጩ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና፣ ሻይ እንጠጣ፣ ከዚያ አንድ ዙር ሞክረን ወደ ቤት ነው አለ።

እነሱ ዛፍ ጥላ ሥር ፔርሙዛቸውን ሲከፍቱ ጋሼ ቧንቧ ሽንቴን ልሽና ብሎ ተነሳ። የሄደው ግን ሻምበል መጀመሪያ ወደቆመበት ቦታ ነው። የሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እንደሚንበረከከው ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ ገለጠ። አፈሩ እንደ ዱቄት ላልቶ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል፤ ቆቆች ሲንከባለሉበት የቆዩበት ነው። ኩሳቸው ገና እርጥብ ነው። አንዲት ላባ አነሳ። ስለዚህ ውሻው የድሮ ትዝታ ላይ አልነበረም የቆመው። ወፎቹ እዚሁ ነበሩ፤ እነሱ ከውሻው ኋላ ድርቅ ብለው ሲጠብቁ ወፎቹ የሆነ ቦታ ሄደዋል።

የት? ይህቺ ጥያቄ ስትመጣ የጉልበቱ ሕመም ተረሳው። ቦዩ ውስጥ ወርዶ እየዳኸ ተከተለ። የሣሩ ሥር ከላይ ሲያዩት የማይታይ ዋሻ ሆኗል፤ በዋሻው ወለል ላይ ጥቃቅን የእግር ዱካ ተደርድሯል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ቆቅ እግር እያላት ለምን ክንፏን ታድክማለች? ውሻው ሲቆም ሮጠው፣ በቦዩ መጨረሻ ወጥተው ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተዋል። ጋሼ ቧንቧ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ይኼማ ቱቦ ነው። በዚህ በኩል ብትገፋው በዚያ በኩል ይወጣል፤ ጫፉን ካልዘጋህ ምን ትጠብቃለህ?

ታዲያ ድሮ ማን ነበር የሚዘጋው? ድሮም ቦዩ ነበር፤ ድሮም ቆቆቹ እግር ነበራቸው፤ እነሱ ግን ከዚህ ቦታ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ላባዋን በጣቶቹ እያዞረ አሰበ። ያኔ ሻምበል ትንሽ ቆሞ፣ ጌታው መጠጋቱን ካየ በኋላ ድንገት እብስ ይል ነበር። የት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። ወፎቹ ይነሳሉ፣ ይተኩሳል፣ ውሻው ከሆነ አቅጣጫ ብቅ ይላል። ለራሱ ጉዳይ ዞር ያለ ይመስለው ነበር። ይህን ሁሉ ግድግዳ ሲያንኳኳ የኖረ ሰው የገዛ ውሻውን አንድም ቀን አልጠየቀውም። ሻምበል ዛሬ አንገቱን እያዞረ ያየው የነበረውም ለዚህ ነው። እግሩ ዞሮ መሄድ አልቻለም፤ ስለዚህ አንተ ሂድልኝ ማለቱ ነው።

ወደ ዛፉ ሲመለስ ልብሱ አፈር በአፈር ሆኖ ነበር። ሥጋ ሻጩ ሽንቱን የት እንደሸና ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ፊቱን ሲያይ ተወው። ጋሼ ቧንቧ ረጅም ማብራሪያ አልሰጠም። ሻምበል ሲቆም ሁለታችሁም ከኋላው ቁሙ፤ እኔ ግን አልቆምም አለ። ዞሬ ወደዚያኛው ጫፍ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ እናንተ እመጣለሁ።

«ከአፍንጫው ፊት?» አለ ሥጋ ሻጩ። «ጋሼ፣ ይኼንን አንተ ነህ የምትለው?»

«እኔ ነኝ። የምትተኩሱት ወደ ላይ ነው። ዝቅ ካላችሁ ሣሩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ደስ አላለውም። እጁን አንስቶ ሊከለክል ዳር ዳር አለ፤ ግን ሻምበል እነሱን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ወደ ቦዩ እያነከሰ ነበርና ክርክሩ እዚያው ላይ ቆመ።

ውሻው ከቀድሞው ዝቅ ብሎ፣ ሣሩ በጣም ከጠቆረበት ቦታ ደረሰና ድርቅ አለ። አንገቱን አዞረ። ጋሼ ቧንቧ «ገብቶኛል» አለው፤ ለውሻ ሳይሆን ለሥራ ባልደረባ የሚናገር ይመስል ነበር። ከዚያ በማሳው በኩል ሰፊ ዙር ይዞ ሄደ። ሻምበል ይህን ዙር ድሮ በዓይን ቅጽበት ነበር የሚጨርሰው። ጋሼ ቧንቧ ግን አንዴ በእርሻው ጓል እየተደናቀፈ፣ አንዴ ጉልበቱን እየያዘ ሄደ። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቦዩ ውስጥ ወረደና ፊቱን ወደመጣበት አዞረ።

መጀመሪያ ያየው ወፎቹን ነው። ከሣሩ ዋሻ ውስጥ ትናንሽ ራሶች ብቅ ብቅ እያሉ፣ እየሮጡ በቀጥታ ወደሱ መጡ። አዩት። ቀጥ አሉ። ዞረው ወደመጡበት አዩ፤ እዚያ ሻምበል ቆሟል። በሕይወቱ ቆቅ ስታስብ አይቶ አያውቅም ነበርና ዓይኑን መንቀል አቃተው።

ቀጥሎ ቀና ሲል ነው ሌላውን ያየው። ከወፎቹ ወዲያ ሻምበል፣ ከሻምበል በላይ ደግሞ ሁለት ጠመንጃዎች። የአፈሙዞቹ ቀዳዳዎች ክብና ጥቁር ሆነው ወደሱ ያያሉ። ከኋላቸው ያሉት ሰዎች የሚስቱ ወንድምና ዶክተሩ መሆናቸውን ያውቃል፤ ግን ፊታቸው አይለይም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሥጋ ሻጩ፣ ያ ከት ብሎ የሚስቀው ሰውዬ፣ ከዚህ ሲታይ ነፍሰ ገዳይ ይመስላል።

የጋሼ ቧንቧ ወሽመጥ ብጥስ አለ። ቦዩ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ሻምበል ያን ሁሉ ዓመት ከዚህ ጫፍ ሆኖ ሲያይ የኖረው ይህን ነው። ወፎቹን ዘግቶ፣ ሣር ውስጥ ቆሞ፣ ከወዲያ አፈሙዝ ደቅኖ የሚመጣ ሰውዬ። ሰውዬውም ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ጋሼ ቧንቧ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ሰሞን እንኳ ውሻው ዞሮ እዚህ መቆሙን አልተወም። የአፈሙዙ መወዛወዝ ከዚህ አይታይም እንዳይባል ይታያል። ጋሼ ቧንቧ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም።

ወፎቹ የሚሄዱበት አጡና ባንድ ጊዜ ተነሱ። ክንፋቸው ጆሮ ያደነቁራል። አፈሙዞቹ አብረዋቸው ወደ ሰማይ ወጡ፤ ጋሼ ቧንቧ ያኔ ነው የተነፈሰው። ተኩሱ ተሰማ። ከወፎቹ አንዷ ዞራ ቦዩ ዳር ወደቀች።

ሮኬት ከመኪናው ሥር እንደ ጥይት ተፈናጠረች። ሥጋ ሻጩ ግን ጠመንጃውን ለዶክተሩ ወርውሮለት፣ በዚያ ግዙፍ ሰውነቱ ተወርውሮ አንገቷን ያዛት። አብረው ወደቁ። ይዟት መሬት ላይ እንደተቀመጠ «ተይለት» አላት።

ሻምበል ቆቋን ለማንሳት ጊዜ ወሰደበት። አንዴ አነሳት፣ ወደቀችበት፤ ደግሞ አስተካክሎ ያዛት። የተኮሰው ዶክተሩ ስለነበር ዶክተሩ እጁን ዘረጋለት። ውሻው አልፎት ሄደ። በሥጋ ሻጩም አጠገብ አለፈ። ቦዩ ውስጥ ወርዶ፣ ሣሩን በደረቱ እየከፈለ፣ በመሐል እያረፈ፣ ያን ሁሉ ርቀት እያነከሰ መጣና ቆቋን ጋሼ ቧንቧ ጭን ላይ አኖራት። ከዚያ አጠገቡ ተኛ። ሁለቱም የሚነሱበት ቁምሳጥን እዚያ አልነበረም፤ ሰዎቹ መጥተው እስኪያነሷቸው ድረስ ተቀምጠው ጠበቁ።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ሥጋ ሻጩ ደንቡን አነሳ። ውሻው ነው ያስገኘው እንዳይባል ያስነሳው ጋሼ ነው፤ ጋሼ ነው እንዳይባል ደግሞ ያገኘው ውሻው ነው። ጋሼ ቧንቧም አልተከራከረም፤ ቦታ ተለዋውጠን ነው የሠራነው አለ። ሥጋ ሻጩ ሻምበልን ከነአፈሩ ሁለት እጁ ላይ አንስቶ፣ ጭነቱ ላይ ሳይሆን ከፊት፣ ከጋሼ ቧንቧ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ከሮኬት ጋር ይጫናል» አለ። «ሳምንትም ያቺን ጫፍ ትይዝልናለህ?»

 እዚያ ሣር ውስጥ ጋሼ ቧንቧን የያዘው ፍርሃት ገና አልለቀቀውም፤ ሳምንት ወደዚያ ሲመለስ ደግሞ እንደሚጨምር ያውቃል። እግሩ ሥር ያለውን ነጭ ፊት አየ። ከዚያ እይዛለሁ አለ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች። ቆቋን አየች፣ ወንበሩ መትረፉን ከፊቱ አነበበች፣ የሻምበልን እግር በሙቅ ውሃ ማጠብ ጀመረች። ጋሼ ቧንቧ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። እንደ ልማዷ ዛሬስ ምን አገኘህ ብላ ጠየቀችው።

«ከወዲያኛው ጫፍ ሆነሽ ስታዪኝ» አለ ቃላቱን እየፈለገ፣ «እኔ በጣም ነው የማስፈራው።»

ሚስቱ ቀና ሳትል የውሻውን መዳፍ አገላብጣ በጣቶቹ መሐል የገባውን አፈር አወጣች።

«ይኼንንማ» አለች፣ «እኔን ብትጠይቀኝ ድሮ እነግርህ ነበር።»

 ጋሼ ቧንቧ በርጩማውን ወደ እሷ አስጠጋና፣ እስቲ ንገሪኝ አላት።